ዓሣ ፎቶ ለማንሳት የትኛው የአኳሪየም መብራት ይሻላል?

አኳሪየሙ ለዓይን ፏ ብሎ ይታያል። ውሃው ጥርት ብሏል፣ ዓሦቹ ያንጸባርቃሉ። ስልክ አውጥታችሁ ስታነሱት ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ቀዩ ዓሣ ቡናማ ሆኗል። ጅራቱ ደብዝዟል። ጀርባው በብርሃን ነጭ ሆኖ ሆዱ ጨልሟል። አንዳንዴ ደግሞ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ጥቁር መስመሮች ፎቶውን አግድም ያቋርጡታል። ይሄኔ ብዙ ሰው በካሜራው ያሳብባል። ካሜራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ነው። ጣጣው ያለው መብራቱ ላይ ነው።

የአኳሪየም መብራት ሲሠራ ሁለት ደንበኛ ታስቦ ነው። አንዱ የሰው ዓይን ነው፤ ሌላው ተክል ወይም ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳ። ካሜራ ከሁለቱም ጋር አይመሳሰልም። ዓይን የጎደለውን አእምሮ ይሞላለታል። ተክል ከቀይና ከሰማያዊ ብርሃን የሚበቃውን ካገኘ ስለሌላው ብዙም አይጨነቅም። ካሜራ ግን የደረሰውን ብቻ ነው የሚመዘግበው፤ ያልደረሰውን ከየትም አያመጣም። ለዚህ ነው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ለፎቶ አንሺ እምብዛም የማይጠቅመው። ዋት የሚለካው መብራቱ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለዓሣ ፎቶ ከመብራቱ ዋጋ ይልቅ የሚቀመጥበት ቦታ ይበልጣል። ከጉልበቱ ይልቅ ደግሞ የቀለሙ ሙሉነት። ጉልበቱም ቢሆን ግን የሚናቅ አይደለም፤ ከእሱ እንጀምር።

ብርሃኑ ይበቃል ወይ?

ዓይን ብርሃን ሲለካ ያታልላል። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ የበራ አኳሪየም ሲያይ “ይሄማ ብሩህ ነው” ይላል፤ ዙሪያው ስለጨለመ ነው። በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይለያል። አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በሉክስ ይለካል፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ወደ 100,000 ሉክስ የሚጠጋ ብርሃን አለ። ደመናማ ቀን ላይ 10,000 አካባቢ። በደንብ የበራ ቢሮ ውስጥ 500 ገደማ። ተራ አኳሪየም ውስጥ ዓሣው የሚዋኝበት ቦታ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ከደመናማው ቀን በብዙ ያንሳል።

ፎቶው ደግሞ ብርሃን አብዝቶ ይጠይቃል። ዓሣ ቆሞ አይጠብቅም። ቀስ ብሎ ለሚዋኝ ሻተሩ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ቢያንስ 1/125 ሰከንድ፣ ለሚሯሯጥ 1/250 ወይም ከዚያ የፈጠነ ቢሆን ይመረጣል። ቀረብ ብላችሁ ስታነሱ ደግሞ ፎከስ የሚይዘው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ዓይኑ ሲጠራ የጎን ክንፉ ይደበዝዛል። ሁለቱም እንዲጠሩ አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ ኤፍ 8 አካባቢ ማጥበብ ያስፈልጋል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ሻተሩ ሲፈጥንም አፐርቸሩ ሲጠብም ወደ ካሜራው የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል።

በምሳሌ እንየው። ዓሣው ያለበት ቦታ 2,000 ሉክስ ያገኛል እንበል። በኤፍ 8 እና በ1/200 ሰከንድ ለማንሳት አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ወደ 1,600 መውጣት አለበት። ሌላ ተመሳሳይ መብራት ጨምራችሁ ብርሃኑን በእጥፍ ብታሳድጉት 800 ይበቃል። ለአሁን ዘመን ካሜራ ሁለቱም አያስቸግሩም። ብርሃኑ 500 ሉክስ ከሆነ ግን አይኤስኦው 6,400 አካባቢ ይደርሳል፤ እዚያ ላይ ፎቶው መንቆር (በጥቃቅን ነጠብጣብ መሞላት) ይጀምራል፣ የቅርፊቱ ዝርዝርም ይጠፋል።

ስልክ ትንሽ ለየት ይላል። የብዙ ስልኮች አፐርቸር ሰፊ ነው፤ አይቀየርምም። ብርሃን ሲያጥረው በራሱ ጊዜ ሻተሩን ያዘገያል። የስልክ ፎቶ ላይ የዓሣው ጅራት ጭስ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥልቀቱም አይረሳ። መብራቱ ትንሽ ነጥብ መሳይ ከሆነ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋ ረጅም መብራት ላይ ቅናሹ ይህን ያህል አይከፋም፤ መቀነሱ ግን አይቀርም። ስለዚህ ጥልቅ አኳሪየም ያለው ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ጠንካራ መብራት ይገዛል፣ ወይ ዓሣው ወደ ላይኛው ግማሽ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሁለተኛው ምንም አያስወጣም።

ሉመን የሚባለው ቁጥር እዚህ ላይ ይረዳል። መብራቱ በጠቅላላ የሚሰጠውን ብርሃን ይነግራል፤ ለሰው ዓይን በሚታየው መጠን ማለት ነው። ለቀለም ጥራት ግን ሉመን አይመሰክርም። ለተክል አኳሪየም የሚነገረው ፓር የሚባለው ልኬትም እንዲሁ ነው። እሱ ተክል ሊጠቀምበት የሚችለውን ብርሃን ይለካል፤ ካሜራ ስለሚያየው ቀለም አይናገርም።

ቀዩ ዓሣ ለምን ቡናማ ሆነ?

አሁን ያሉት የአኳሪየም መብራቶች በአብዛኛው ኤልኢዲ ናቸው። ነጭ ኤልኢዲ የሚባለው ውስጡ ሲታይ ነጭ አይደለም። ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ቁራጭ ነው፤ በላዩ ላይ ቢጫማ ዱቄት ተቀብቷል። ከሰማያዊው ብርሃን ከፊሉ ዱቄቱን ሲመታ ወደ ቢጫ ይቀየራል። ሰማያዊና ቢጫ ሲቀላቀሉ ዓይናችን ነጭ ነው ብሎ ይቀበላል። ይህ ሁሉ የተቻለው ብሩህ ሰማያዊ ኤልኢዲ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጃፓን ውስጥ ስለተሠራ ነው። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ለዚህ ሥራቸው በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ችግሩ የቀዩ ነገር ነው። ርካሽ ነጭ ኤልኢዲ ሰማያዊው ይበዛል፣ ቢጫና አረንጓዴው ይበቃል፣ ጥልቅ ቀዩ ግን ይሳሳል። ቀይ ቤታ ዓሣ ቀይ ሆኖ የሚታየው ቀይ ብርሃን መትቶት ሲመለስ ነው። መብራቱ ቀይ ካልላከ ዓሣው ምን ይመልስ? ቡናማ ይሆናል። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ቀዩን ብትጎትቱት ይመጣል፤ ግን ከነጠብጣቡ ነው የሚመጣው።

ይህን አስቀድሞ ለማወቅ የምትጠይቁት ቁጥር ሲአርአይ ይባላል። መብራቱ ቀለሞችን ከፀሐይ ወይም ከድሮው አምፖል ብርሃን አንጻር ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ይለካል፤ ጣሪያው 100 ነው። 80 ለቤት መብራት ይሄዳል። ለፎቶ ከ90 በላይ ፈልጉ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። የተለመደው የሲአርአይ ውጤት የ8 ፈዘዝ ያሉ የመፈተኛ ቀለሞች አማካይ ነው። ደማቅ ቀይ ከስምንቱ ውስጥ የለም። እሱ አር 9 ተብሎ ለብቻው ነው የሚለካው። ተማሪ አማካይ ውጤቱ 80 ነው ማለት ሒሳብ አልወደቀም ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ ሲአርአይው 80 የሆነ መብራትም አር 9ኙ ዜሮ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ከዜሮ በታች የሚወርድም አለ። ቀይ ዓሣ፣ ጎልድፊሽ ወይም ብርቱካናማ ነገር ያለው ሰው ሻጩን “አር 9ኙ ስንት ነው?” ብሎ ይጠይቅ። 50ና ከዚያ በላይ ደህና ነው፤ 90 ከተገኘ ደስ ይላል። ሻጩ ጥያቄውን ሰምቶ ግራ ከተጋባ ያም በራሱ መልስ ነው።

ኬልቪንን ከሲአርአይ ጋር የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ኬልቪን የሚነግረው ብርሃኑ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማዘንበሉን ብቻ ነው። 2,700 የሚሞቅ ቢጫማ ነው፣ 5,500 የቀትር ብርሃን ነው፣ 6,500 ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል። ሁለት መብራቶች ሁለቱም 6,500 ሆነው አንዱ ቀዩን በደንብ ሊያሳይ፣ ሌላው ሊገድለው ይችላል። ለፎቶ ከ5,000 እስከ 6,500 ያለው ምቹ ነው። ካሜራው በቀላሉ ያስተካክለዋል፤ ፍላሽ ቢጨመርበትም አይጣላውም፤ የፍላሽ ብርሃን 5,500 አካባቢ ነውና።

ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ኤልኢዲ ለየብቻ ያላቸው መብራቶችስ? እነዚህ ለዓይን ያማልላሉ። ዓሣው ከረሜላ ይመስላል። ካሜራው ላይ ግን ቀዩ ወይም ሰማያዊው ከልክ አልፎ ይሞላና የክንፉ ጅማት፣ የቅርፊቱ ጠርዝ ሁሉ አንድ ወጥ ቀለም ይሆናል። እንዲህ ያለ መብራት ካላችሁ ነጩን ኤልኢዲ ከፍ፣ ቀለማቱን ዝቅ አድርጋችሁ አንሱ። በቀለማቱ ብቻ አታንሱ።

ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ቀለሙ የሚስተካከልበትን) በራሱ እንዲወስን ለካሜራው አትተዉለት። አረንጓዴ ተክል የሞላበት አኳሪየም ፊት ካሜራው ግራ ይጋባል። ነጭ ወይም ግራጫ የሆነ ንጹህ ፕላስቲክ ውሃው ውስጥ ዓሣው በሚዋኝበት ቦታ አስገቡ፣ አንድ ፎቶ አንሱ፣ በእሱ አስተካክሉ። ሮው ፋይል (ገና ያልተቀነባበረ ምስል) የሚያነሳ ካሜራ ካላችሁ በኋላም ማስተካከል ይቻላል። የክፍሉን መብራት አጥፉ። የቤት አምፖልና የአኳሪየም መብራት ሲቀላቀሉ የዓሣው አንድ ጎን ብርቱካናማ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል፤ ይህን የሚፈታ ዋይት ባላንስ የለም።

ውሃውም ራሱ ቀለም ሊኖረው ይችላል። እንጨት ያለበት አኳሪየም ውሃው ቀስ በቀስ ወደ ሻይ ቀለም ይሄዳል፤ ይህ ሰማያዊውን ብርሃን ይበላል። ውሃ መቀየርና ፊልተሩ ውስጥ ካርቦን መጨመር አዲስ መብራት ከመግዛት ይቀድማል። ተራ መስታወትም ውፍረቱ ሲጨምር ወደ አረንጓዴ ያደላል። ምክንያቱ ውስጡ ያለው ብረት ነው።

ሰማያዊው የኮራል መብራት

የባሕር ውሃ አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ጣጣ የተለየ ነው። መብራታቸው 450 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ሰማያዊ የተሞላ ነው። ኮራሎች ይህን ሰማያዊ ተቀብለው አረንጓዴና ብርቱካናማ አድርገው የሚመልሱ ፕሮቲኖች አሏቸው፤ ውበታቸው እዚያ ላይ ነው። ካሜራው ግን ከሰማያዊው ጎርፍ ሌላ ምንም አያይም። ብዙ ካሜራዎች ዋይት ባላንሳቸው 10,000 ኬልቪን ላይ ያቆማል፤ መብራቱ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው።

መውጫው ሁለት ነው። ዓሣውን ለማንሳት ከሆነ ለዚያች ሰዓት ነጩን ቻናል (ለብቻው የሚስተካከለውን ነጭ ብርሃን) ከፍ፣ ሰማያዊውን ዝቅ አድርጉ። የኮራሉን ፍካት ለማንሳት ከሆነ ሌንሱ ፊት ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ፊልተር ያዙ። ፊልተሩ ሰማያዊውን ያግድና ፍካቱን ያሳልፋል። ሁለቱን በአንድ ፎቶ ለማግኘት መድከም አያዋጣም።

ጥቁር መስመሮቹ

አሁን ወደ አግድሞቹ መስመሮች። ብዙ ኤልኢዲ ሲደበዝዝ በእርግጥ አይደበዝዝም። በሰከንድ መቶና ሺህ ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የሚበራበት ጊዜ ሲያጥር ለዓይን ደብዘዝ ያለ ይመስላል። የስልክ ካሜራ ደግሞ ምስሉን ከላይ ወደ ታች በረድፍ በረድፍ ነው የሚያነብበው። አንዱ ረድፍ መብራቱ ሲበራ፣ ቀጣዩ ሲጠፋ ይነበባል። መስመሮቹ የሚመጡት ከዚህ ነው። ዲመር (ብርሃን መቀነሻ) የሌለው ርካሽ መብራትም ከቤቱ ኤሌክትሪክ ጋር ሊርገበገብ ይችላል፤ በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ጊዜ፣ በ60 ኸርዝ 120 ጊዜ።

ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ መፈተን ትችላላችሁ። የስልካችሁን ካሜራ በእጅ ወደሚስተካከለው ሁነታ ቀይሩት፣ ሻተሩን 1/1,000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ አድርጉት፣ መብራቱ ወደሚያበራው ነጭ ግድግዳ አዙሩት። ግድግዳው ወጥ ሆኖ ከታየ ጥሩ። መስመር መስመር ከሠራ ይርገበገባል። ከዚያ ሻጩ መብራቱን ወደ ግማሽ እንዲቀንሰው ጠይቁና እንደገና እዩ። በሙሉ ጉልበቱ ንጹህ የነበረ መብራት ሲቀንስ መስመር ሊያወጣ ይችላል።

እንዲህ ያለ መብራት ቤት ካለ መጣል አያስፈልግም። በሙሉ ጉልበቱ አብሩት፤ ብርሃኑ ከበዛ መብራቱን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ከኤሌክትሪኩ ጋር ለሚርገበገበው በ50 ኸርዝ አገር ሻተሩን 1/100 ወይም 1/50 ማድረግ መስመሮቹን ያጠፋል። 1/100 ከ1/125 ትንሽ ቢዘገይም በጣም ለቀርፋፋ ዓሣ ይበቃል። ካሜራው ሜካኒካልም ኤሌክትሮኒክም ሻተር ካለው ሜካኒካሉን ምረጡ።

መብራቱ የት ይቀመጥ?

ይህን ክፍል ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፤ ምንም ገንዘብ አይጠይቅምና።

ብዙ መብራት የሚቀመጠው ክዳኑ መሃል ላይ ወይም ወደ ኋላ ተጠግቶ ነው። ተክሉ ኋላ ስለሆነ ነው። ዓሣው ግን ብዙ ጊዜ ከፊት በኩል ነው ያለው፤ ምግብ የሚመጣው ከዚያ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ብርሃኑ ከጀርባው ይመታውና ወደ እኛ የዞረው ጎኑ ጥላ ይሆናል። መብራቱን ወደ ፊተኛው መስታወት ጠርዝ ሳቡት፣ ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብሉት። ይኸው ነው።

ኒዮን ቴትራ ላይ ልዩነቱን ተመልከቱ። ከዓይኑ ጀምሮ ወደ ጀርባው የምትዘልቅ ሰማያዊ መስመር አለችው። ያች መስመር በቀለም አልተቀባችም። ቆዳው ውስጥ የተደረደሩ ጥቃቅን ክሪስታሎች ብርሃኑን ሲመልሱት ነው ሰማያዊ የምትሆነው። መብራቱ ከኋላ ሲሆን መስመሯ ደብዛዛ ግራጫ ክር ትመስላለች። መብራቱ ወደ ፊት ሲመጣ ያው ዓሣ፣ በዚያው ቦታ፣ መስመሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትለኮሳለች። ዓሣው ትንሽ ዞር ሲል ደግሞ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ትሄዳለች። ከሥሯ ያለው ቀይ ግን እውነተኛ ቀለም ነው፤ መብራቱን ብታዞሩት አይለወጥም፣ አር 9ኙ ዝቅ ሲል ግን ይሞታል። አንዲት ትንሽ ዓሣ ላይ ሁለቱንም ፈተና ታያላችሁ። አዲስ መብራት ስሞክር መጀመሪያ የማየው ኒዮን ላይ ነው።

ብርማ ዓሦች ሌላ ጸባይ አላቸው። ኤንጀልፊሽ ጎኑ እንደ መስታወት ስለሚመልስ ትንሽና ጠንካራ መብራት ቅርፊቱ ላይ ነጭ እሳት ያነሳል፤ እዚያ ቦታ ላይ ዝርዝር አይቀርም። መፍትሔው ብርሃኑን ማስፋት ነው። በመብራቱና በውሃው መካከል ወተት መሳይ ነጭ ፕላስቲክ ሲገባ ብርሃኑ ይለሰልሳል። ብዙ ትናንሽ ኤልኢዲ የተበታተኑበት ሰፊ መብራት ጥቂት ትላልቅ ኤልኢዲ ካሉበት የሚሻለውም ለዚህ ነው። ጥቁር ዓሣ ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል። ለስላሳ ብርሃን ብቻ ከሆነ ጥቁሩ ጉድጓድ ይሆናል። ከጎን በኩል ሁለተኛ መብራት ሲጨመር ጠርዙና ቅርፊቱ ይወጣል።

የሆዱ ጥላስ? ብዙ ዓሣ ጀርባው ጠቆር፣ ሆዱ ነጣ ያለ ነው። ተፈጥሮ ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ አውቃ ያደረገችው ነው፤ ጥላውና ቀለሙ ይጠፋፋሉ። የአኳሪየም መብራት ግን አቅጣጫው ጠባብ ስለሆነ ጥላው ይበረታል። ነጣ ያለ አሸዋ ብርሃኑን ወደ ላይ መልሶ ሆዱን ያበራዋል። ይሁንና ዋጋ አለው፤ ብዙ ዓሦች ነጭ አሸዋ ላይ ቀለማቸውን ያፈዝዛሉ፣ ጥቁር መሬት ላይ ያደምቃሉ። እኔ ጥቁሩን አሸዋ መርጬ የሆዱን ጥላ በፊት መብራት እፈታዋለሁ።

ፍላሽ ካላችሁ ውድ መብራት አትግዙ

በ1926 ዊልያም ሎንግሊና ቻርልስ ማርቲን የተባሉ ሰዎች ፍሎሪዳ አጠገብ ድራይ ቶርቱጋስ በሚባል ቦታ የመጀመሪያውን የውሃ ውስጥ ባለቀለም የዓሣ ፎቶ ሲያነሱ ብርሃን የሚሰጣቸው ውሃው ላይ በሚንሳፈፍ መድረክ የሚነድ የማግኒዚየም ዱቄት ነበር። የሚፈነዳ ነገር ነው። ፎቶው በ1927 ናሽናል ጂኦግራፊክ ላይ ወጣ። የዛሬው ፍላሽ ያንን ሥራ ያለ ጭስ ይሠራል።

ፍላሽ ብርሃኑ ብዙ፣ ቀለሙ ሙሉ፣ ጊዜው ደግሞ እጅግ አጭር ነው። ጉልበቱን ዝቅ ባደረጋችሁት መጠን ብልጭታው ያጥራል፤ ከ1/10,000 ሰከንድ በታች ሊወርድ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የትኛውም ዓሣ የቆመ ያህል ነው። ካሜራውን 1/200 ሰከንድ፣ ኤፍ 11፣ አይኤስኦ 200 ላይ ብታደርጉት የአኳሪየሙ መብራት ፎቶው ላይ ከሞላ ጎደል አይታይም። ሥራው ፎከስ ለማድረግ እንዲታያችሁ ብቻ ይሆናል። ያኔ ሲአርአይ፣ መርገብገብ፣ ጉልበት የሚባለው ጣጣ ሁሉ ይቀራል። ካሜራ ያለው ሰው አንድ ደህና ያገለገለ ፍላሽና ሽቦ አልባ ማስነሻ ከውድ መብራት ይልቅ ያተርፈዋል የምለው ለዚህ ነው።

ካሜራው ላይ ተሰክቶ ግን አይሆንም። ብርሃኑ መስታወቱን መትቶ ወደ ሌንሱ ይመለሳል፤ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ብናኝም በረዶ ይመስላል። ፍላሹ ከላይ፣ ከአኳሪየሙ ክዳን በላይ ሆኖ ወደ ታች ይመልከት። ስለ መብራቱ ቦታ የተነገረው ሁሉ እዚህም ይሠራል፤ ወደ ፊት ሳብ፣ በነጭ ፕላስቲክ ለስለስ። የተክል አኳሪየምን ወደ ሥነ ጥበብ ያደረሰው ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ ፎቶ አንሺም ነበር፤ አኳሪየሞቹን ከላይ በተሰቀሉ ፍላሾች ያነሳ ነበር። ከኤልኢዲው አማኖ ጋር የስም መመሳሰል ነው።

ጥንቃቄ፦ ኤሌክትሪክና ውሃ አይዋደዱም። ክፍት ውሃ ላይ ምንም ነገር አታንጠልጥሉ። የመስታወት ክዳን ይኑር፤ በባትሪ የሚሠራ ፍላሽ ከግድግዳ ከሚሰካው ይመረጣል። የመብራቱ ገመድም ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ጠብታ ካለ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ወለል ላይ ይወድቃል።

ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ከፍላሽ ምንም አያገኝም። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ ሻተሩ 1/50 አካባቢ ስለሚሆን ብዙ ብርሃን አይጠይቅም። ለእሱ ዋናው የማይርገበገብ መብራት ነው።

ዓሣውስ?

አብዛኛው ዓሣ የዓይን ሽፋን የለውም። የዓይኑ ብሌንም እንደኛ ብርሃን ሲበዛ አይጠብም። ከጨለማ ወደ ብርሃን ለመላመድ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። በድቅድቅ ጨለማ ያለ አኳሪየም ላይ ጠንካራ መብራት በአንዴ ስታበሩ ዓሣው ይበረግጋል፣ ከመስታወት ይላተማል፣ ክዳን ከሌለ ዘሎ ይወጣል። መጀመሪያ የክፍሉን መብራት አብሩ፣ ቆይታችሁ የአኳሪየሙን። ቀስ ብሎ የሚበራ መብራት ካለ ደግሞ ለዚህ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ ቢከፈልበት አያስቆጭም። ለፎቶውም ይጠቅማል። ኒዮን ጨለማ ውስጥ ቀለሙን ያጠፋል፤ እንደበራ ብታነሱት ገርጥቶ ነው የምታገኙት።

ለፎቶ ብላችሁ ከፍ ያደረጋችሁትን ብርሃን ስትጨርሱ መልሱት። ጠንካራ ብርሃን ለረጅም ሰዓት ሲበራ ደስ የሚለው አልጌ ነው።

መስታወቱ

ስለ መስታወት አጭር ነገር። ሌንሱ መስታወቱን ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብሎ ይመልከት። ጠመም ሲል ብርሃኑ በውሃውና በመስታወቱ ስለሚታጠፍ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ጠርዙም ቀለም ያወጣል። ጥቁር ልብስ ልበሱ፤ ነጭ ሸሚዝ መስታወቱ ላይ ጎልቶ ይታያል። ስልክ ከሆነ ሌንሱን መስታወቱ ላይ ለጥፉት። ከማንሳታችሁ በፊት ፊልተሩን ለጥቂት ደቂቃ ብታጠፉ ብናኙ ይረጋል፤ ስትጨርሱ ማብራቱን ግን እንዳትረሱ።

የሕዝብ አኳሪየም ስትጎበኙ ደግሞ መብራት የመምረጥ ዕድል የላችሁም። ያለውን መጠቀም ነው። ከላይ የሚመጣው ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ውሃው ውስጥ እንደ ዓምድ ሆኖ ይታያል። ፎከሱን እዚያ አድርጋችሁ ዓሣው እስኪገባበት ጠብቁ። አይኤስኦውን ከፍ ማድረግን አትፍሩ፤ የተነቆረ ፎቶ ከደበዘዘ ይሻላል። ትላልቆቹ መስኮቶች ወፍራም አክሪሊክ (ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ) ስለሆኑ ቀጥ ብሎ መቆም እዚያ ይበልጥ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ፍላሽ ይከለክላሉ። ከመግባታችሁ በፊት የስልካችሁን ፍላሽ “አውቶ” ላይ ከሆነ አጥፉት፤ ጨለማ ሲያይ ሳይጠይቃችሁ ያበራል።